የአባባ ተራ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለያቤጽ ደረሰ፤ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ።

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሐዳሳስ ወገቧን ተሻላት? ልጃችሁ ሶልያና አማርኛዋ እንዳይጠፋ መዝሙር አስጠኗት። እኔ አካሌ ደኅና ነው። ልቤ ግን አዝኗል፤ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ድምፄ እምቢ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የአባባ የልብ ሕመም ነው። ሕንድ ሄደው እንዲታከሙ ሐኪሙ የጻፈላቸው ደብዳቤ ባለፈው የካቲት እኔ የምሠራበት ባንክ መግባቱን ታውቃለህ። ዶላር የሚጠብቁ ሰዎች የሚመዘገቡበትን መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንተ ያኔ ከጥቁር ገበያ ይገዛ ብለህ ነበር። አባባ ግን በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ ቀን አላፈርስም አሉ። እኔንም፣ «አባቴ ነው ብለሽ ስሜን ወደ ላይ እንዳታወጪ፤ እንደ ሰው ሁሉ ልሰለፍ» አሉኝ። በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ጻፍኳቸው። አንተ ቤት ልትሠራበት ያሰብከውን የቱላውን መሬት በጥድፊያ የሸጥነውም፣ ተራቸው ሲደርስ ብሩ እጃችን ላይ ይሁን ብለን ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኛ የምንለቅመውንም አጣን።

ሐምሌ ላይ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የተነጋገረበትን ማሻሻያ ተቀብሎ የብር ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። ለአገር ይበጅ አይበጅ እንደሆነ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። እኔ የማውቀው በየጠዋቱ አዲሱን ዋጋ የምለጥፈው በገዛ እጄ መሆኑን ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ዶላሩ እጥፍ ሆነ። የመሬቱ ብር ያው ነው፤ የሚያሳክመው ግን እስከ ግማሽ መንገድ ነው። መዝገቡም ተዘጋ፤ አሁን ብሩ ያለው ሰው ወረፋ አይጠብቅም።

ይህን ለአባባ መንገር አቃተኝ። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ «ስንተኛ ደረስኩ?» ይሉኛል። ዘጠነኛ፣ ከዚያም ሰባተኛ እያልኩ በሌለ መዝገብ አስጠጋኋቸው። እሳቸው ያሳደጉኝ ልጅ እሳቸውን መዋሸት ለመድኩ።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ከዚያ ጠሩኝና፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለች ብርቅዬ የምትባል የሁለት ልጆች እናት እንደ እሳቸው በልብ ሕመም መታመሟን ነገሩኝ። «እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፤ ተራዬን ለእሷ አዙሪላት» አሉ። እሺ አልኳቸው። ቃል ግቢ አሉኝ፤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስንተኛ ደረስኩ ብለው አልጠየቁም፤ ፊታቸውም ፈክቷል። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ፣ የምጽፍልህ ገንዘብ እንድትልክ አይደለም። ሱቅህን ለሰው አደራ ሰጥተህ የምትመጣበት መንገድ ካለ ሳይመሽብን ና።

ሐዳሳን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ሶልያናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አክስታችን ወርቅነሽ ትናፍቅሃለች። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ «ደኅና ነኝ፣ ምንም የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም በይው» ብለዋል።

እህትህ ታቢታ ደረሰ
ሐዋሳ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.