የኮሎኔሉ ምድጃ

ጃንዋሪ 8፣ 1917

ከምሽግ ወጥተን ፈረንሳይ ገጠር፣ አንድ ጎተራ ውስጥ «ዕረፍት» ላይ ነን። ዕረፍት ይሉታል! ሻዬ ኩባያው ውስጥ በረዶ ሆነ።

ከሰዓት ጓዴ ክሌግ የብረት ምድጃ አቅፎ ገባ። ከየት አመጣኸው? «ስክራውንጅ አድርጌ።» ሠራዊቱ ሁሉ የሚለው ቃል... ምን ማለት ነው ግን?

«እንግሊዝ አገር፣ ላንክሻየር ያለችው አያቴ የምትለው ነው። የሰው አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ የወደቀ ፖም መቃረም።»

«ምድጃው ወድቆ ነው ያገኘኸው?»

«ቆሞ ነበር። ግን የጎረቤቶቻችን፣ የስኮትላንድ ወታደሮቹ፣ የስኮቶቹ ነው። ስማ አንተ የሰባኪ ልጅ፣ ከራስህ ወገን ከወሰድክ ሌባ ነህ። ከጎረቤት ጦር ከሆነ ቃርሚያ ነው።»

የሌባ ዓይነ ደረቅ! ስርቆት ስርቆት ነው አልኩት። ከምድጃው ግን አልራቅሁም።

ጃንዋሪ 10

ጉድ ፈላ። ስኮቶቹ ቅዳሜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተዛውረው፣ ክሌግ ምድጃውን የወሰደበትን የቀድሞ ቤታቸውን የያዘው የገዛ ኮሎኔላችን ኖሯል! አሥር አለቃው ምድጃውን እኛ ጋ አገኘው። ቅጣቱ ከጋሪ ጎማ ጋር ታስሮ ብርድ ላይ መዋል ነው። ፈራሁለት።

ክሌግ ግን ጎማውን ረስቶታል። «ከራሴ ወገን ወሰድኩ...» እያለ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። እራቱን እንኳ አልበላም። የክሌግ እራት ሲተርፍ አይቼ አላውቅም።

ጃንዋሪ 12

የክሌግ ችሎት፤ ፈራጁ ራሱ ኮሎኔሉ ነው። ለምስክርነት ቆምኩ። የኮሎኔሉ አፍንጫ በብርድ ቀልቷል።

«ይሄ ስክራውንጅ የምትሉት ምንድን ነው?» ብሎ ክሌግን ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ባለቤቱ ሳይጥለው ቀድሞ ማግኘት ነው።»

ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ሊፈረድበት ሲል የስኮቶቹ መቶ አለቃ በሩን በርግዶ ገባ።

«ኮሎኔል፣ ምድጃችንን! አሽከርዎ እሁድ ዕለት ከወፍጮ ቤቱ ተሸክሞ ሲወጣ ታይቷል!»

አሽከሩ ጣሪያ ያያል። ኮሎኔሉ አሽከሩን ያያል። ክሌግ ፊቱ በራ።

«የስኮቶቹ ነበራ! ጌታዬ፣ ሌባ አይደለሁም!»

«ውጣልኝ!»

ተለቀቀ! ደስ አለኝ። ምድጃው ግን ወፍጮ ቤት ተመለሰ። እራት ላይ ክሌግ የኔንም ጨረሰው።

ጃንዋሪ 14፣ እሁድ

ጠዋት ኮሎኔሉ እጁን እያፋተገ ጎተራችን ድረስ መጣ።

«ክሌግ፣ ስኮቶቹ አሁን ጸሎት ላይ ናቸው አሉ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ወፍጮ ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው... እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።» ሄደ።

ክሌግ አየኝ። ከጸሎት ቀርቼ አላውቅም። አባቴ ይህን እንዳያነብ!

ምድጃ ለካ እንዲህ ይከብዳል? ከፊት እኔ፣ ከኋላ ክሌግ። ወደ ኮሎኔሉ ቤት መንገድ ላይ አረፍ አልን።

«ስርቆት ስርቆት ነው አላልክም ነበር?»

«ዝም ብለህ ያዝ» አልኩት።