ለብረት ብቻ የነበረችው ቀይ ፒክአፕ

እኔ ሬኔል ታትል ነኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ዛሬ ማርች ዘጠኝ፣ አርካንሳስ፣ በጎረቤቴ በእማማ ኦሊታ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ኑዛዜዬን ነው የምናገረው፣ አእምሮዬ ደህና ነው፣ የተሰበረው ጣቴና ጎድኔ ነው፣ ስለዚህ እሳቸው ይጻፉልኝ። ባሌ ዶይል ይገድለኛል። ትናንት ቀኝ እጄን ጠረጴዛ ላይ ይዞ በክሪክ ብረት እየቀጠቀጠ "አሁን ፈርሚያ፣ እስኪ ልይሽ!" ይለኝ ነበር።

ዶሮዎቼ ለእማማ ኦሊታ ይሁኑ።

"ምስክር አይወርስም፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

እሺ፣ ለእህቴ ለጆሊን። የእናቴ ቀለበትም ለሷ፣ ዶይል ጥርሴን ያወለቀ ቀን የክር ሣጥን ውስጥ ሸሽጌዋለሁ። ለዶይል ምንም! ውሻዬን በአካፋ ነው የገደላት፣ ምንም እንዳይሰጠው!

ዋናው ወረቀቱ ነው። ዶይል የተጋጨ መኪና እየገዛ ይሸጣል። ቀይዋን ፒክአፕ ባቡር ገጭቷት በስሜ ገዛት። ሊብሬዋ ላይ "ለብረት ብቻ" የሚል ማህተም አለ። "አደጋ የደረሰባት" ቢል ኖሮ ተጠግና፣ ተመርምራ ትነዳ ነበር፣ ይሄኛው ግን በቃ፣ ወደ መንገድ አትመለስም ማለት ነው። "ጀርባው ላይ ፈርሚ፣ የገዢውን ስም ተይው" አለኝ፣ እዚህ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ፈረምኩ። የሌላ መኪና ኋላ በየደላት፣ ሊብሬውን ወደ ሌላ ስቴት ወስዶ ማህተም የሌለበት ንጹህ አስወጥቶ መጣ። የቨርና ኮብል ልጅ ገዛቻት። ድልድዩ ላይ መኪናዋ ለሁለት ተገመሰች፣ ልጅቷን ብረቱን በመጋዝ ቆርጠው ነው ያወጧት፣ ሞታ። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ማህተም ያለበትን የሊብሬውን ኮፒ ደብቄያለሁ፣ የቀጠቀጠኝም እሱን አምጪ፣ ምስክርነትም እንዳትፈርሚ ብሎ ነው። ስሞት ለቨርና ይሰጥ።

ሁለተኛው ምስክር ፓስተር ሆባርት "ስትሞቺ? ገድሎሽ እስኪጨርስ እናትየዋ ትጠብቅ?" አሉ።

"ፊርማው የኔ ነው እኮ፣ እኔንም ያስሩኛል!"

"ይሰሩሻ!" አሉ እማማ ኦሊታ፣ "እዚያ ዶይል በር ሰብሮ አይገባብሽም።"

ሳቅኩ፣ ጎድኔ ወጋኝ፣ አለቀስኩ። እማማ፣ "ስሞት ይሰጥ" ያልኩትን ይሰርዙት። ወረቀቱ ውርስ አይደለም። ጫማዬ ውስጥ ነው፣ ይኸው። ፓስተር አሁን በመኪናቸው ይወስዱኛል፣ ቨርና እጅ ላይ ራሴ አደርገዋለሁ፣ ይሄ ፊርማ የኔ ነው ብዬ ራሴ አሳያታለሁ። የቀረው እንዳልኩት ይሁን።

የግራ አውራ ጣት አሻራ፦ ሬኔል ታትል
ስትናገር ሰምተን፣ አሻራዋን ስታደርግ አይተን ፈርመናል፦ ኦሊታ ፍሬይ፣ ሆባርት ስኒድ