ሳይለሰልስ ሞላሰሱን አትጨምር

ሮይስ፣

ያለፈው ቅዳሜ ቦሎቄ አልበስል ያለው እኔ አልደን ያረጀ ስለገዛሁ ነው ብለህ ለጎረቤታችን ለኮሪን ነግረሃታል። እኔ ደግሞ ሳይለሰልስ ጥቁሩን የስኳር ሽሮፕ፣ ሞላሰሱን፣ ስላፈሰስክበት ነው እላለሁ። ከረጢቱን አየሁት፤ እውነትም የአምና ነው። ጥፋቱን እንካፈል።

የዛሬው አዲስ ነው። አሳድሬ ዘፍዝፌ፣ ጠዋት አንዴ አፍልቼ በኤሌክትሪክ ድስቱ ጥጄዋለሁ። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈት። ከሰዓት በኋላ ጥቂት በማንኪያ አውጣና እፍ በልበት። ልጣጩ ከተገፈፈ ለስልሷል ማለት ነው።
ሞላሰሱን፣ ሰናፍጩንና ሽንኩርቱን ያኔ ጨምር፤ ጨው የተነሰነሰበትን የአሳማ ስብ ከላይ አድርግ። ለዛሬ ማታው የቤተ ክርስቲያን እራት ይደርሳል።

ኮሪን ጣፋጭ ሲበዛ አትወድም። ይህን አንተ አታውቅም።

እኔ እራቱ ላይ አልገኝም። ወንድሜ ጋ አድሬ ነገ እመለሳለሁ።
ለእራቱ ልትለብሰው ያሰብከው ሰማያዊ ሸሚዝ የእኔ ነው።

ጠዋት አንተ ተኝተህ ሳለ ኮሪን ለዳቦዋ ሞላሰስ ልትዋስ መጥታ ነበር። ድስቱን አይታ፣ «ዛሬስ ማን ነው ባለሙያው?» አለችኝ።
«እኔ ነኝ» አልኳት። «ማታ አጠገቤ ትቀመጫለሽ? ቁርጡን ንገሪኝ።»
የሞላሰሱን ጠርሙስ ደረቷ ላይ አቀፈች።
«አልደንዬ፣ በሙያ አንተን የሚያህል የለም» አለች። «ማታ የምቀመጠው ግን ከሮይስ ጋር ነው።»