በእድራችን ጣሪያ ላይ ስለተሰቀለው ትልቁ ዋይፋይ

ለተከበሩ አቶ መዝገቡ፣ የእድራችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰቡስ? ከእድሩ ጣሪያ ላይ ያሰቀሉት ባለ ከፍተኛ ጉልበቱ የዋይፋይ ሳጥንስ እንዴት ሰነበተ? እኛ የታች ሰፈር ሰዎች፣ ኢንተርኔት ከማጣታችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ስልካችን ላይ ምልክቱ ሙሉ ስለሆነልን እናመሰግናለን፤ ምንም አይከፍትም እንጂ ሲያዩት ደስ ይላል። ሳጥኑን የሰቀለው ባለሙያ የሳጥኑ ጉልበት እኛ ዘንድ ቢደርስም የስልካችን አቅም ተመልሶ እሱ ዘንድ እንደማይደርስ፣ ስለዚህም ቀድሞ የነበሩት ትንንሾቹ የዋይፋይ ሳጥኖች በየአጥሩ ቢቆዩ እንደሚሻል አስረድቶዎት ነበር። እርስዎ ግን በእድሩ ድምፅ ማጉያ ባካበቱት ልምድ ተመርኩዘው፣ «ማጉያውን ከፍ ስናደርገው የቀብር ሰዓት አልሰማሁም ያለ የታች ሰፈር ሰው አለ? ይሄም ያው ነው» አሉ፤ ጉባኤውም አጨበጨበ።

2. ከአጥራችን ላይ ደህና ይሠራ የነበረውን ትንሹን ሳጥን አስነቅለው ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ስለቆለፉበት እናመሰግናለን። እንደሚያውቁት ባለቤቴ ማኑሄ መስማት የተሳናት ናት። ቤሩት በሰው ቤት ከምትሠራው ልጃችን ከምህረት ጋር እሑድ እሑድ በቪዲዮ፣ በእጃቸው ያወራሉ። ባለፈው እሑድ ምህረት እያለቀሰች አንድ ነገር መናገር ስትጀምር ምስሉ ቀጥ አለ፤ እጇ ደረቷ አጠገብ እንደተነሣ ቀረ። ማኑሄ ያንን የእጅ አነሣስ ደጋግማ እያሳየችኝ፣ ምን ልትል ነበር ትለኛለች። ምን ልበላት? የሞባይል ዳታም ቁልቁለታችን ውስጥ ስለማይሠራ ዳገቱን ወጥቼ ስደውል ልጄ «ደህና ነኝ አባዬ» አለችኝ። ለእኔ ሁልጊዜ ደህና ናት፤ እውነቱን የምትነግረው ለእናቷ ነው። እናቷ ደግሞ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ከግቢ አትወጣም።

3. ሦስተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ጨንቆኛል፣ አቶ መዝገቡ። እሑድ ሳይደርስ ትንሹን ሳጥን ይመልሱልን፤ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።

ለዕድሜዎ መርዘምና ለጣሪያው መጽናት ሳያቋርጥ የሚጸልየው፣ ታዛዥ የእድር አባልዎ

ጥሩነህ፣ ከታች ሰፈር

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ልልክ ከቤቴ ሞክሬ ስላልሄደልኝ በእድሩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። መልስዎን ግን እባክዎ በድምፅ ማጉያው አያስነግሩ፤ የፈለጉትን ያህል ከፍ ቢያደርጉት ማኑሄ አትሰማውም።