ከኋላ በግራ በኩል ያለው ወንበር

ጥቅምት 8

ጥቁሯን መኪናዬን ሸጥኋት። የቆዳ ወንበር፣ ጥቁር መስታወት… ገዳሪፍ ሰሊጥ ተራ ስደርስ ደላላው ሁሉ ብድግ ይልላት ነበር። ለእኔ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኙ! ግን ምን ይደረግ? የሚስቴ የሉሉ ወንድም ደጉ ዋድ መደኒ ላይ ታሞ ሞተ። ሦስት ልጆቹ ወደ እኛ እየመጡ ነው። እናታቸውም ቀድማ ነው የሞተች። እኔና ሚስቴ፣ ሁለቱ የራሳችን፣ ሦስቱ ሲጨመሩ ሰባት። "የወንድሜን ልጆች ጣሪያ ላይ ልትጭን ነው?" አለችኝ ሉሉ።

ባለ ሰባት ወንበሯን ከኸይረዲን ገዛሁ። ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ ሱዳናዊ መምህር ነው። መኪናዋ ሽንጧ ረጅም፣ ቀለሟ የከሰል ጆንያ። ቁልፉን ሲሰጠኝ እኔን አላየኝም፤ የኋላውን መስኮት ነው የሚያየው። "ካራማ፣ የሰደቃ በግ፣ እረድላት፣ ዘመኑ ወንድሜ። የበላ ሁሉ ዱዓ ያድርግ።" እሺ አልሁት።

ጥቅምት 10

በግ አረድሁ። ደሙን ጎማዎቹ ላይ ቀባሁ። ጎረቤታችን እስማኤል፣ መካኒኩ፣ በጠዋት መጥቶ ነግሮኝ ነበር። "ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላ ነው። አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ። አለዚያ እኛ እስላሞቹ ምን ልንበላ ነው?" ይህን የማያውቅ ሐበሻ እዚህ አገር የለም። እኔም አላጣሁትም። "ለመኪና ሁለት በግ? ሠርግ ነው እንዴ!" አልሁና ሰሰትሁ።

ኸይረዲን ከሚስቱ ጋር መጣ። ማን እንዳረደ ጠየቀ። ነገሩት። ውሃ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ሲወጡ ሴትዮዋ የመኪናዋን የኋላ በር በመዳፏ ዳሰሰችው።

ጥቅምት 13

ሁለቱ ደረሱ። ትልቋ የለችም። መቅደላዊት፣ የዘጠኝ ዓመቷ። ኬላ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲፈተሽ፣ ትንንሾቹን አንድ ሎሪ ላይ፣ እሷን ሌላ ሎሪ ላይ ጫኗቸው። ያኛው ሎሪ የት ገባ? የሚያውቅ የለም። ሉሉ አላለቀሰችም። ልጆቹን አጠበች፣ አበላች፣ ከዚያ በር ላይ ቆመች።

ጥቅምት 15

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መኪናዋ ደወለች። ቲን… ቲን… ቀበቶ ያላሰረ አለ ማለት ነው። ሁሉም አስረዋል። ቀይ መብራቷ የምታሳየው ከኋላ በግራ በኩል ያለውን ወንበር ነው። ለመቅደላዊት የተውነውን፣ ባዶውን።

ዕቃ ይሆናል ብዬ ወርጄ አየሁ። ምንም የለም። መቀመጫው ግን ጎድጎድ ብሏል። ስፖንጅ ሲያረጅ እንዲያ ነው… አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 19

እስማኤል ሽቦውን ቆረጠው። "ኸላስ፣ በቃ! ከእንግዲህ ትንፍሽ አትልም።" ከግቢ ሳልወጣ ደወለች። እስማኤል የተቆረጠውን ሽቦ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። "ቢስሚላሂ" አለ። እኔ ሳቅሁ። ምኑ አሳቀኝ?

ጥቅምት 20

"እየተጣራች ነው" አለች ሉሉ። "መቅደላዊት ናት። ተነስ፣ እንፈልጋት።"

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። በሕይወት ያለ ልጅ እንዲህ ይጣራል? ለሉሉ አልነገርኋትም።

ጥቅምት 26

ኡም ጋርጉር ካምፕ ሄድን፣ የለችም። ኸሽም ኤል ቂርባም የለችም፤ ስልካችንን ለየሎሪ ሹፌሩ ሰጥተን ወጣን። ደርሰን እስክንመለስ ቲን… ቲን… የደጉ ትንሿ ልጅ ወደ ጎን ዞራ ብስኩቷን ስትቆርስ በመስታወት አየኋት። ግማሹን ለማን ነው የምትዘረጋው? መስታወቱን ወደ ጣሪያው መለስሁት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላየሁም።

ኅዳር 2

ስልክ! ገላባት ላይ ሻይ የምትሸጥ ኑሪያ የምትባል ሴት። "አንዲት ልጅ እኔ ዘንድ አለች፤ አክስቴ ሉሉ ትባላለች ትላለች።" እግዚአብሔር ሆይ… ማለዳ እንወጣለን።

ኅዳር 3

አለች! በሕይወት አለች! ሎሪው እስከ ጠረፍ ወስዷት፣ ኑሪያ ከልጆቿ ጋር እያስተኛች አከረመቻት። ሉሉ አፈር ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷን አቅፋ፣ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። እኔም አነባሁ። ልቤ ቅልል አለ። ስትጣራ የከረመችው እሷ ናት፤ አሁን ዝም ይላል አልሁ።

የኋላውን በር ከፈትሁላት። "ግቢ የኔ ልጅ። ቦታሽን ይዘንልሽ ነው የከረምን።"

አልገባችም። ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች።

"ጋሼ… ሰው አለበት እኮ።"

ሉሉ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። እስከ ገዳሪፍ ደወሉ አልቆመም።

ኅዳር 5

ለኸይረዲን ደወልሁ። "ከኋላ በግራ በኩል ማን ነበር የሚቀመጠው?"

መጀመሪያ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

"ልጄ። ከካርቱም ስንወጣ ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ። ተኩስ ተነሳ። ፈልገን አጣነው።" ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። "መዓሊሽ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ። ስትደውል መስማቱን ብንችለው ኖሮ አንሸጣትም ነበር።"

እኛ የኛን አገኘን። እነሱ… ያን የእርድ ዕለት ውሃ ብቻ አጠጥቼ የመለስኋቸው እኔ ነኝ። አፈርሁ።

ኅዳር 7

ሁለተኛውን በግ እስማኤል አረደው። ኸይረዲንና ሚስቱ መጡ፣ በሉ፣ ዱዓ አደረጉ። ሴትዮዋ እጇን ታጥባ መኪናዋ ውስጥ ገባች። የግራውን ቀበቶ ሳበች፣ ከባዶው ፊት አሳልፋ አሰረችው። ደረቱ ላይ እንዳይጠብቅበት ትንሽ ላላ አደረገችው። ሞተሩን አስነሳሁ። ጸጥ።

"ስሙ ሉቅማን ነው" አለችኝ። "በየጠዋቱ እሰርለት።"

ኅዳር 12

ጠዋት አሰርሁለት። መቅደላዊት ሉሉ ጭን ላይ ናት፤ እግሯ እየረዘመ አስቸግሯል። እስማኤል አይቶን ሳቀ። "ባለ ሰባት ወንበር ገዝተህ ስምንት ሆናችሁ! ባለ ዘጠኝ አለችልህ፣ ወላሂ ንጹሕ ናት። ይችን ሽጣት።"

አልሸጥም አልሁት። ሉቅማንን የት አወርደዋለሁ?