የበርበሬው እንባ

ጥቅምት ፲፰፣ ደብረ ታቦር

የልጄን የሰብለን መርዶ ሊነግሩኝ ሽማግሌዎች ሲገቡ በርበሬ እየቀነጠስሁ ነበር። ሰምቼ በዚያው እጄ ዓይኔን አበስሁ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ለብ ባለ ውኃ ቢያጥቡኝ የፈላ መሰለኝ። ለቀስተኛው «እንባዋ አላባራ አለ» ይል ነበር። የኔ ይሁን የበርበሬው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰብለ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። «እማዬ፣ በሥጋችን ውስጥ ሙቀት ሲነካው የሚከፈት ትንሽ በር አለ። በርበሬም ያንኑ በር ይከፍተዋል። ያኔ ለብ ያለው ነገር እንኳ ያቃጥላል፤ እሳት ግን የለም» ትለኝ ነበር።

«እንግዲያው ወጡን ብዪና በሩን ዝጊው!» እላታለሁ። ትስቅ ነበር።

ዛሬ ለአርባዋ በርበሬ ልቀነጥስ ስቀመጥ እትዬ ጥሩ «ተዪው፣ ደግሞ ዓይንሽን ልታጠፊው ነው?» አሉኝ። አልተውሁም። ስጨርስ ሰብለ እንዳስተማረችኝ እጄን በዘይት አሽቼ በሳሙና ታጠብሁ። ከዚያ ብቻዬን ሆኜ እንባዬን ጠበቅሁ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ደጅ ወጥቼ ተመለስሁ። ዓይኔ ደረቅ ነው።

የራሴ እንባ እስኪመጣ ድረስ፣ ይህን ያነበባችሁ የሰብለን ነፍስ በጸሎት አስቡልኝ።