የወጥ ቤቱ በር እጀታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ደኅንነትሽን እጠይቃለሁ። እናትሽ ከሆስፒታል ከወጣች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እንዳያደናቅፋት ምንጣፉን ጠቅልዬ አነሳሁ፤ መታጠቢያ ቤትም የብረት መደገፊያ አስገጠምኩ። ስትነሳ እንድትጠራኝ ሳስተምር የምደውለውን የክፍል ደወሌን አልጋዋ አጠገብ አኖርኩላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተህ እኔን አንደኛ ክፍል አስገባኸኝ!» ብላ ሳቀችብኝ። እስካሁን አንዴም አልደወለችም።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት፤ ክርኗ በልዟል። «የበሩ እጀታ መታኝ» አለችኝ። እጀታውን ለካሁት፤ ቆማ እንኳ ከክርኗ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

አሁን ዳቦ የምትገዛልን ጎረቤታችን ናት። ይህን የምጽፍልሽ መኝታ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ አልጋው ሲጥ ባለ ቁጥር ብዕሬን ጥዬ እነሳለሁ።

እኛ ደህና ነን፣ አታስቢ። የዓመት ፈቃድሽን ቀን ግን ቁርጡን ጻፊልኝ።

ሁሌም የሚናፍቅሽ አባትሽ